አይኬ ፊቴ ላይ የተፋው ውሃ

ጂንካ ሥራ በጀመርኩበት ቀን አህያ ረገጠችኝ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር የታመሙ እንስሳት ተሰብስበው ነበር፤ እኔ ደግሞ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ፣ አዲስ ጋዋን የለበስኩ የደብረ ብርሃን ልጅ ነበርኩ። አለቃችን ዶክተሩ ጭኔን ይዤ ሳነክስ አይቶ፣ እንስሳ ከኋላ እንደማይቀረብ አላስተማሯችሁም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስተምረውናል። አህያዋ ግን አልተማረችም።

የተቀጠርኩት በእንስሳት ጤና ረዳትነት ነው። በማዕረግ ከዶክተሩ በታች፣ ከሾፌሩ በላይ ነበርኩ። ሾፌሩ ግን ይህን የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

ሾፌራችን ጋሽ ጴጥሮስ የአሪ ሰው፣ የጸና ፕሮቴስታንት ነው። ጎማ ሲፈነዳ «ተመስገን» ይላል። የተቀየረው ጎማ ሲፈነዳም «ተመስገን» ይላል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዓላቱን እንጂ ጾሙን ብዙም አልወድም።

ድርቁ የጠናበት ዓመት ወደ በና ቆላ ለክትባት ወረድን። ቀይ አፈር ከተማን ካለፍን በኋላ መንገዱ ዳርና ዳር የከብት ሬሳ ነበር። በዚያ አገር የወፈረው አሞራ ብቻ ነው። ጋሽ ጴጥሮስ መሪውን እንደያዘ ማመስገን ሲጀምር አላስቻለኝም፤ አምላክህ ይህን እያየ ዝም ካለ ሥራውን ለሌላ ይልቀቅ አልኩት። እሱም ሳይቆጣ፣ ቅሬታህን ለራሱ አቅርብ፣ እኔ ሾፌር ነኝ አለኝ።

መንደሩ ስንደርስ ከብቶቹ መቆም አቅቷቸው ተኝተዋል። አቅም ያጣ ከብት አይከተብም፤ ክትባቱ ራሱ ይጎዳዋል። ሙሉ የበረዶ ሣጥን ክትባት ይዤ የማልረባ ሰው ሆንኩ። ለጥም የሚወጋ መርፌ ደግሞ ማንም አልሠራም።

አይኬን ያገኘሁት ያኔ ነው። መንጋው አልቆ አንዲት ላም የቀረችው የበና ሽማግሌ ነው። ላሟ የደረቀው ወንዝ ውስጥ፣ ሾላ ሥር ወድቃ ታምጣለች። ክንዴን የምታጠብበት ውሃ ስላልነበረ የስንቃችንን ዘይት ተቀባሁ። እጄን ሳስገባ የጥጃዋ አንድ የፊት እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ወደ ውስጥ ገፋ አድርጌ፣ ሰኮናዋን በመዳፌ ሸፍኜ አቃናሁት። አይኬና ጋሽ ጴጥሮስ በገመድ ሳቡ። ጥጃዋ በሕይወት ወጣች፤ እናቷ ግን ቀና ማለት አልቻለችም።

ውሃ ካላገኘች አታድርም አልኩ። የመንደሩ ሰው አሸዋ ቆፍሮ ይጠጣበት የነበረው ጉድጓድ ተደርምሶ ነበር። የመኪናውን አካፋ አውጥተን ጎኑ ላይ አዲስ ጀመርን። እየተቀያየርን እስከ ደረታችን ከቆፈርን በኋላ አሸዋው ጠቆረ፤ ቀስ እያለ ውሃ ማቆር ጀመረ።

አይኬ የመጀመሪያውን ቅል ቀዳ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ይጠጣል ብዬ ጠበቅኩ። አፉን ሞላና ወደ ላይ ረጨው። ሁለተኛውን ላሟ ላይ፣ ሦስተኛውን ፊቴ ላይ ተፋው።

ደሜ ፈላ። ሰው በጥም እያለቀ ውሃ ይተፋል ወይ አልኩት።

አይኬ በተሰባበረ አማርኛው፣ «መጀመሪያው የሱ ነው። ሌላው የኛ» አለኝ።

«የማን?»

እጁን ወደ አሸዋው፣ ወደ ሾላው፣ ወደ ሰማዩ አዞረ። «የሰጠው።»

ላሟ ጠጣች። ከዚያ እኛ ጠጣን። ጥላው ሥር ተቀመጥን፤ ጅግሮች ሳይፈሩን ወርደው ከጉድጓዱ አፍ የፈሰሰውን ውሃ ይጠጡ ጀመር። በዚያ ሁሉ የሞት አገር ሾላው ቅጠሉ አረንጓዴ ነበር። እንዲህ ውሃ መትፋት በበና ምርቃት መሆኑን ጋሽ ጴጥሮስ ስለነገረኝ ፊቴን አልጠረግኩትም፤ ነፋስ ሲነካው ቀዘቀዘኝ። አምላክ እዚያ ነበር ብዬ ሪፖርት ላይ አልጻፍኩም። ነበር ግን።

«ተመስገን» አልኩ፣ ቀስ ብዬ። ጋሽ ጴጥሮስ በጨዋ ደንብ እንዳልሰማ ሆነ። ጂንካ እስክንገባ ግን መዝሙር አላቋረጠም።

ዶክተሩ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ሲለኝ፣ ጉድጓድ ስንቆፍር አልኩት። እሱ የውሃ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው አለኝ። ልክ ነበር።

ዝናቡ ከጣለ ከዓመት በኋላ አይኬን አልዱባ ገበያ አገኘሁት። ላሟ ዝናቡ ሳይመጣ ሞታለች። ጥጃዋ በፍየል ወተት አድጋ ጊደር ሆናለች። በሰጪው አልተቆጣህም ወይ አልኩት።

«ተቆጣሁ» አለ። «ጥጃዋ ስትዘል ሳይ ተውኩት።»

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጀማሪ ባለሙያዎች ስለ መስክ ሥራ ሲጠይቁኝ የምላቸው አጭር ነው። ውሃ ስታገኙ፣ ከመጠጣታችሁ በፊት ትንሽ ቁሙ። ማንን እንደምታመሰግኑ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።