በኩርፊያ የታሰረ ቶርኖ

ሰሞኑን ግቢያችን አቧራ ለብሶ ነው የሰነበተው። የመጨረሻው ልጄ ናቲ ከጓደኛው ጋር ሆኖ፣ እዚሁ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር፣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ብረታ ብረት ቤት ሊያደርጋት ተነስቷል። ትናንት ጠዋት ማሽን ሊተክሉ ወለሉን በድሪል ሲበሱት እኔ ደጅ ተቀምጬ ባሚያ እየቀነጠስኩ ነበር። ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። «እማዬ፣ ጆሮሽን ያዢ!» ይለኛል፤ ጆሮዬን ይዤ ባሚያውን በምን ልቀንጥሰው? ሲያበቁ ገብቼ አየሁ። በየቀዳዳው ቡሎን ከተው ዳዶውን ሲያጠብቁት፣ ቡሎኑ እዚያው ውስጥ ሆዱ ተነፍቶ ሲሚንቶውን ነክሶ ይቀራል አሉኝ። አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ያጠብቃል፣ ስልካቸው መዝሙር ያሰማል፣ እነሱም ይሳሳቃሉ። ምሳ ሳይደርስ ማሽኑ ወለሉ ላይ ተተከለ።

እኔን ገረመኝ። እንዲህ ያለ ሥራ በሳቅ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። ከዚህ በፊት ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሳቅ በስተቀር ሁሉም ነገር ነበረ።

ያኔ ፀጉሬ ገና አልሸበተም። ሰላም ወረደ ተብሎ ሰው ከየአገሩ ወደ ጁባ የሚጎርፍበት ጊዜ ነው። ዛሬ አስፋልት የሆነው መንገድ ያኔ ቀይ አፈር ነበር፤ በበጋ ዓይን ያጠፋል፣ ዝናብ ሲጥል ጫማ ይውጣል። እኔ እንግዲህ መሄድ የለመድኩ ሰው ነኝ። ወሎ ተወለድኩ፣ ናዝሬት አደግኩ፣ አሶሳ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ፣ ጋምቤላ ሰነበትኩ፣ ከዚያ ጁባ። በየሄድኩበት ፍራሽ ዘርግቼ ፍራሽ ጠቅልያለሁ። በየአገሩ የተከልኩትን የቃሪያ ችግኝ ፍሬ ሳልለቅም ነው የተነሳሁት። ስለዚህ ጁባ ስገባ ለጌታ የነገርኩት አንድ ነገር ነው፤ «ከዚህ ወዲያ አታስነሳኝ» አልኩት። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

ባለቤቴ ታደሰ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ቶርኖ ብረትን ጨምድዶ ይዞ እያሽከረከረ በስለት የሚልጥ ከባድ ማሽን ነው፤ የመኪናውም የወፍጮውም ዘንግ እዚያ ላይ ነው ልክ የሚገባው። ማሽኑን ከአብሮ አደጉ ከወርቁ ጋር በጋራ ገዝተው ከካምፓላ በከባድ መኪና አመጡት። ሲሄዱ ወንድማማች ነበሩ። ሲመለሱ አይነጋገሩም። መንገድ ላይ፣ ድንበሩ ጋ ኒሙሌ ባደሩበት ሌሊት፣ የመሣሪያ ሳጥን ተሰረቀ። ታደሰ «ወርቁ ተኝቶ ነው» ይላል። ወርቁ ደግሞ «ተረኛው እሱ ነበር፣ ሲያንኮራፋ እኔ ነኝ የሰማሁት» ይላል። የትኛው እንደ ተኛ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ግን አንዱ ለአንዱ ቃል አውጥቶ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩ፣ መከሩ፣ አብረውን አለቀሱ፤ ሲወጡ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

መላላኪያቸው እኔ ሆንኩ። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ክንድ ለክንድ ተጠጋግተው ቆመው፣ «ለዚያ ሰውዬ ንገሪው» ይላል ታደሰ። «ለባልሽ ንገሪው» ይላል ወርቁ። እኔ ደጃፉ ላይ ፉል እና የተጠበሰ ዓሣ እሸጣለሁ፤ ዘይቱ እየነደደ ስንቴ ጥዬ እንደ ገባሁ።

የተከራየነው ክፍል ሀይ ጀላባ የሚባል ሰፈር ነበር፣ ማማ ኪደን የምትባል መበለት ግቢ ውስጥ። ክራዩ በታደሰ ስም ነው። ማሽኑ ኮንክሪቱ ወለል ላይ በአራት ጉማጅ ግንድ ተደግፎ ቆሟል። ታደሰ ወለሉን በስቶ በቡሎን ሊያስረው ፈለገ። ጠቡ እዚህ ላይ ባሰ።

«ለባልሽ ንገሪው» አለ ወርቁ፣ «ወለሉ በማን ስም ነው? በእሱ። ማሽኑ ከወለሉ ጋር ከተሰፋ የማን ሊሆን ነው? የእሱ። እኔ ጡት አልጠባም በይው።»

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ቶርኖ ግንድ ላይ ቆሞ አይሠራም። ዶሮ አይደለም።»

ማማ ኪደን ደግሞ ሦስተኛ ወገን ሆና ተነሳች። ረጅም ናት፣ ድምፅዋ ከገበያ ማዶ ይሰማል። «ማፊ!» አለች፣ አይሆንም ማለቷ ነው። «ይህን ወለል ሟቹ ባሌ ነው ያፈሰሰው። እናንተ ትበሱትና ነገ ትሄዳላችሁ። ሐበሻ መቼ ይቀመጣል? የሻንጣችሁን ገመድ እንኳ አልፈታችሁም።»

ይህቺ ቃል ከሁሉም በላይ እኔን ነው የወጋችኝ። ሻንጣው እውነትም በገመዱ እንደ ታሰረ ነበር።

የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ማንጎ በየመንገዱ መበስበስ በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ሾፌር ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያደላ ትልቅ ብረት አምጥቶ ይላግልኝ አለ። ታደሰ ማሽኑ ላይ ጠምዶ አስነሳው። ከደጅ ሆኜ የሰማሁት ድምፅ የከባድ ሰው እርምጃ ይመስል ነበር። ዘወር ብዬ ሳይ ቶርኖው በእያንዳንዱ ዙር እየዘለለ ይራመዳል። አንዱ ግንድ ተፈናጠረ፣ ማሽኑ አዘነበለና ከግድግዳው ተላተመ። ታደሰ በግድግዳውና በማሽኑ መሐል ነበር። ትንፋሹን ውጦ እንደ እንሽላሊት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ወርቁ ሮጦ ሞተሩን አጠፋው።

እኔ «እግዚአብሔር ይስጥህ» ስለው፣ ወርቁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ለባልሽ ንገሪው፣ ለእሱ ብዬ አይደለም። ከሞተ ግማሹን ማሽን ካንቺ ጋር ልካፈል ነው፤ አንቺ ደግሞ ታለቅሺያለሽ።»

ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ከግድግዳው ጀርባ ደግሞ የማማ ኪደን አልጋ ነው። እሷ መጣች፣ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው፣ ከዚያ ሁለቱንም ወንዶች አየቻቸው። «ካላስ» አለች፣ በቃ። «ወይ ይህን እንስሳ ታስሩታላችሁ ወይ ጠዋት ከግቢዬ ትወጣላችሁ።»

ወርቁ «በእሱ ስም በተከራየነው ወለል ላይ አይታሰርም» አለ።

«አንተ ሱቅ አይተህ አታውቅም?» አለችው። «ሁለት ሸሪክ የማይተማመኑ ሲሆኑ በአንድ በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ያደርጋሉ። አንዱ ብቻውን አይከፍትም። ማሽኑም በር ነው ብላችሁ እሰሩት።»

እንደዚያው ሆነ። አራቱን ማዕዘን ሁለት ሁለት ተካፈሉ፤ በበሩ በኩል ያሉት ሁለቱ የወርቁ፣ በግድግዳው በኩል ያሉት የታደሰ። እያንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ በመዶሻና በመሮ ቆፈረ። አንዱ ሲያርፍ አንዱ ይባስ ይመታል። ታቹ የተቆለመመ ረጅም ቡሎን ከተው ዙሪያውን ሲሚንቶ ሞሉት። ከላይ የቡሎኑን ጫፍ በስተዋል፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ በቀዳዳው ጓጉንቸር ይገባል፣ ዳዶው ወጥቶ አያልቅም። አራት ጓጉንቸር፣ ለየሰው ሁለት። በጁባ ሙቀት ሲሚንቶ ውሃ ካላገኘ ይሰነጣጠቃልና፣ እስኪደርቅ ድረስ እርጥብ ጆንያ እያለበስኩ ጠዋትና ማታ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። የወርቁንም የታደሰንም እኩል አጠጣሁ። ከቃሪያ ችግኝ ይልቅ የተንከባከብኩት ያንን ነው።

የማጥበቂያው ቀን ደረሰ። ሁለቱም መፍቻቸውን ያዙና እያንዳንዱ የራሱን ወገን ባለ በሌለ ጉልበቱ አጠበቀ። አንገታቸው ሥር ደም ሥራቸው ተገተረ። ጓጉንቸሮቹ ተቆለፉ። ቁልፋቸውን ሁለቱም በክር አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ። ማሽኑ ንቅንቅ አይልም፤ እኔም በልቤ ጌታን አመሰገንኩ። ማመስገኔ ግን ቸኩሎ ኖሯል።

መጀመሪያ የመጣው ሥራ የላዶ የጀልባ ዘንግ ነው። ላዶ ከወንዙ ዳር፣ ከረጃፍ ነው፣ ዓሣ የምገዛውም ከእሱ ነበር። ታደሰ ቀኑን ሙሉ ላገለትና ሰጠው። በማግስቱ ላዶ ዘንጉን በትከሻው ተሸክሞ ተመልሶ መጣና በሩ ላይ ወረወረው። «ደ ሹኑ?» እያለ ይጮኻል፣ ይሄ ምንድነው እያለ። አንዱ ጫፍ ወፍሮ አንዱ ቀጥኗል፤ እንደ ካሮት ሆኗል። «በሦስት ቀን ካላስተካከላችሁት ብረቴን ይዤ እሄዳለሁ። በወንዙ ዳር ላለ ሰው ሁሉ እነግራለሁ።»

ታደሰ ውሃ ልኩን አምጥቶ ማሽኑ ጀርባ ላይ አስቀመጠ። አረፋው አንዱ ጋ ወደ ግራ፣ ሌላው ጋ ወደ ቀኝ ሸሸ። ወለሉ ሲታጠብ ውሃው እንዲወጣ ወደ በሩ ያዘነበለ ኖሯል፤ እነሱ ደግሞ ከሥሩ ምንም ሳያደርጉ እየተፎካከሩ ሲያጠብቁት፣ ያ ሁሉ ብረት እንደ እርጥብ ጨርቅ ተጠምዝዟል። መፍትሔውን ሁለቱም ያውቁታል። አራቱንም ፈትቶ፣ በዝቅተኛው እግር ሥር ስስ ቆርቆሮ አስገብቶ፣ ከአንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው እየተሻገሩ ጥቂት በጥቂት ማጥበቅ ነው። ነገር ግን ማን ቀድሞ ይፍታ?

«ለዚያ ሰውዬ ንገሪው፣ ይፍታ።»

«ለባልሽ ንገሪው፣ እኔ ጓጉንቸሬን በከፈትኩ ማግስት ማሽኑ መኪና ላይ ነው። ከዚህ ሁሉ እንሽጠውና እንለያይ። እኔ ካምፓላ እገባለሁ።»

ታደሰም ደክሞት ነበር መሰለኝ፣ «እንሽጠው በይው» አለ።

ፍራሼ ታየኝ። ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሮ፣ መኪና ጣሪያ ላይ። እኔ የምቆጣ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን የዓሣ መገልበጫዬን እንደያዝኩ ገባሁና በመሐላቸው ቆምኩ። «ስሙኝ» አልኩ። «ታረቁ አልልም። ሽማግሌ ብሎት ያልሆነውን እኔ አልለውም። ወርቁ፣ ያንተን ማዕዘን ታደሰ አይነካውም። ታደሰ፣ ያንተንም እሱ አይነካውም። ቁልፋችሁ ካንገታችሁ አይውጣ። ፊት ለፊት እንኳ አትተያዩ። እኔ ሳጨበጭብ ግን ሁለታችሁም እኩል ትፈታላችሁ። ይሄን እምቢ ካላችሁ ዛሬ የሁለታችሁንም ምሳ ለላዶ ነው የማበላው።»

ሁለቱም ወደየማዕዘናቸው ጎንበስ አሉ። አጨበጨብኩ። ሁለት ጓጉንቸር በአንድ ላይ ቀጭ አለ።

ያ ከሰዓት በኋላ አያልቅም ነበር። ከወተት ዱቄት ጣሳ ቆርቆሮ እየቆረጡ ከእግሮቹ ሥር አስገቡ። ታደሰ አረፋውን እያየ፣ «ለዚያ ግትር ንገሪው፣ በስተኋላ ያለውን ሩብ ዙር» ይላል።

«ወርቁ፣ በስተኋላ ሩብ ዙር» እላለሁ።

«ግትር ያለኝን ዘለልሽው።»

«ሰምተኸዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ለባልሽ ንገሪው፣ ግትር ባልሆን ኖሮ ይሄኔ ቆዳዬን ገፎ ሸጦት ነበር።»

«ሩብ ዙር አጥብቋል» እላለሁ ለታደሰ።

«በዛ በይው! ሩብ አልኩ እንጂ ግማሽ አልኩ? ቁጥርም አያውቅም?»

ማማ ኪደን በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበሯን ዘርግታ ማንጎ እየበላች ታያለች። «እኛ ስንጣላ» አለች፣ «ስድባችንን ራሳችን ነው የምናደርሰው። እናንተ ሠራተኛ ትቀጥራላችሁ።» ማንም አልሳቀላትም።

ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከታደሰ ወደ ወርቁ፣ ከወርቁ ወደ ታደሰ። ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዱ ሲያጠብቅ የሌላው ወገን ይነሳል፤ ስለዚህ ወደዱም ጠሉም አንዱ የሌላውን እጅ መጠበቅ ነበረበት። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል አረፋው መሐል ላይ ቆመ። ማሽኑ ጀርባ ላይ ውሃ ልኩን ቢያዞሩት ቢያዟዙሩት አልነቃነቅ አለ። ሁለቱም እኩል አጎነበሱና አዩት። ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቀና አሉና፣ እንደ ወትሮው ፊታቸውን አዞሩ።

ላዶ እንደገና የተላገውን ዘንግ ከዳር እስከ ዳር በመለኪያው ፈተሸው። ተሸክሞት ሄደ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጀልባ ያለው ሰው ይዞ መጣ።

ታርቀዋል ብላችሁ ከጠበቃችሁ አልታረቁም። ዓመታት በዚያ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ሠሩ። ወለሉ ዝቅ እያለ አረፋው በሸሸ ቁጥር ደግሞ ይፈታሉ፣ ደግሞ እየተሰዳደቡ ያጠብቃሉ፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ወርቁ በመጨረሻ ካምፓላ ሲሄድ አልተጨባበጡም። ከእነሱ እጅ የወጣ ዘንግ ግን ዳግም ጠማማ ነው ተብሎ አልተመለሰም። እኔም ከጁባ አልተነሳሁም። ናቲን የወለድኩት ማሽኑ በታሰረበት ዓመት ነው።

በቤተ ክርስቲያን ፍቅር የሌለበት ነገር አይጸናም ሲባል አሜን እላለሁ፣ ከልቤ ነው። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ሰው ተዋዶ የጀመረውን ሥራ ሲበትን አይቻለሁ፤ እየተጠላላ አንድ ነገር ቀጥ አድርጎ ሲያቆምም አይቻለሁ። ይህን ለመጋቢያችን ብነግረው ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ አልነገርኩትም።

ትናንት ማታ ናቲ እና ጓደኛው ሥራውን ለጌታ እንድሰጥላቸው ጠሩኝ። እጄን ማሽኑ ላይ ጫንኩ። ስለ ፍቅራቸው እንደምጸልይ ጠብቀው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጌታ ሆይ» አልኩ፣ «እነዚህ ልጆች አንድ ቀን መጣላታቸው አይቀርም። ያን ቀን አንዱ የሌላውን እጅ ጠብቆ የሚሠራበትን ትዕግሥት ስጣቸው።»

ናቲ ዓይኑን ገለጠ። «እማዬ! እኛ እኮ አንጣላም።»

«አሜን በል» አልኩት።

ጓደኛው ቀድሞት «አሜን» አለ።