የአሥራ ሰባተኛው ባልዲ ስንዴ

የአማቴ ሥራ ውኃ አለማጠጣት ነው። ሠላሳ ዓመት በአትክልተኝነት ሲያጠጡ የኖሩ ሰው፣ አሁን በምርምር ጣቢያው ግሪን ሃውስ፣ በመስታወት ቤቱ ውስጥ ስንዴ በጥም ሲጠወልግ ቆመው ያያሉ። በየጠዋቱ ስንዴው የተተከለባቸውን ባልዲዎች ይመዝናሉ፣ ክብደቱን ይጽፋሉ፣ ድርቅ የሚችለው ዘር እስኪለይ ማንም ውኃ እንዳያስጠጋ ይጠብቃሉ። ባልደረቦቻቸው «አባ ጥማት» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

ያን እሁድ ቁጭ ማለት አቃታቸው። ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ በር። ልጄን ያቅፉታል፣ መልሰው ያስቀምጡታል።

«አባባ፣ ወለሉን ጨረሱት እኮ! ምን ሆነዋል?» አልኩ ልብስ እያጠፍኩ።

«ምንም።» አንድ ዙር ዞረው ተመለሱ። «ልጄ፣ እጅ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ያጠፋል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ሻይ ጠጥተው ብርጭቋቸውን ያለቀልቃሉ። እጣቢውን መሬት ላይ መድፋት አያውቁበትም፤ የአትክልተኛ እጅ ነውና ጠብታም ብትሆን ለሥር ነው። ከጠረጴዛቸው አጠገብ ያለው ደግሞ አሥራ ሰባተኛው ባልዲ ነው። ስንት ቀን እንደደፉበት አያውቁም፤ የባነኑት ዓርብ ጠዋት፣ እጣቢው ከብርጭቆው ከወጣ በኋላ ነው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሙከራውን የምትመራው ተመራማሪ መጣች። የብዙዎቹ ቅጠል እንደ ገመድ ተጠቅልሏል፤ አሥራ ሰባተኛው ቀጥ ብሎ ቆሟል። መዝገቡን ብታይ ክብደቱም ቀስ እያለ ነው የቀነሰው። «አባባ፣ ውኃ ቆጣቢውን አገኘነው!» ብላ አቀፈቻቸው። ሰኞ ሪፖርት ልታደርግ፣ ዘሩም ተባዝቶ ለገበሬዎች ሊላክ ነው።

«እሷ እንደምትለው ስንዴውን የሚያቆመው ዘረመሉ ነው፤ ዘረመልም ቤተሰብ አለው» አሉኝ። «ከአንድ አያት የወረዱ፣ መልካቸው የሚመሳሰል፣ ጠባያቸው ለየቅል። አንዱ ድርቅ ሲመጣ ይነቃል፣ አንዱ ሙቀት ሲበረታ፣ አንዱ ጨው ሲበዛ። ምንም ቢመጣ ተኝቶ የሚውልም አለ።»

«እንደ ልጅዎ» አልኩ፤ ባሌ ጓዳ እያንኮራፋ ነበር። አልሳቁም።

«ብናገር ከዚያ መስታወት ቤት ያስወጡኛል። ዝም ብልስ፣ ያንን ዘር አምኖ የዘራ ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት ማንን ይጠይቃል?»

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አልኩ። «ልጁንም ይዘን። ሕፃን ፊት ሰው ማባረር ይከብዳል።»

ሰኞ ተመራማሪዋ ሪፖርቱን በእጇ ይዛ አገኘናት። አማቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ነገሩን ዘረገፉት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ።

«ስንት ቀን ነው የደፉበት?»

«አላውቅም። ሲደፋ አልታወቀኝም። አውቄ ዝም ያልኩት ግን ሦስት ቀን ነው።»

የተገለበጠ ባዶ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። የአሥራ ሰባተኛው ዘር ለማመሳከሪያ በአራት ባልዲ ነበር የተተከለው። ጥግ ወዳሉት ሌሎቹ ሦስቱ ተመለከተች፤ ደርቀዋል።

«እነዚህን ዓርብም አይቻቸው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ደስታዬ እንዳይበላሽ ዓይኔን መለስኩ። ከእርስዎ በምን እሻላለሁ?»

የአሥራ ሰባተኛውን መስመር በቀይ ሰረዘችው።

«ሙከራው ከዜሮ ሊጀመር ነው?» አልኩ።

«አይደለም፤ ይኼ ባልዲ ብቻ ይወጣል። አባባ ግን ከዛሬ ጀምሮ…» ልጁን ወደ ፊቷ አስጠጋሁት። «…ብርጭቆ ይዘው አይገቡም።»

አሥራ ሰባተኛው አሁን እኛ ቤት፣ መስኮት ሥር ነው፤ እጣቢውን በሙሉ ለብቻው ይጠጣል። አማቴ ሻያቸውን በመስታወት ቤቱ በር ላይ፣ ቆመው ነው የሚጠጡት፤ ሳይጨርሱት አሥር ጊዜ በመስታወቱ ያጮልቃሉ። ውስጥ ከሌላ ዘር የሆኑ አራት ባልዲዎች አሉ፣ አራቱም ገና ቅጠላቸውን ያልጠቀለሉ። ማታ ሲገቡ ልጁን ሳላቀብላቸው እጠይቃለሁ፦

«ዛሬስ?»

«አራቱም ቆመዋል» ይላሉ፤ እሳቸውም ሳይቀመጡ።