ርካሹን ጎማ ራሴ ነዳሁት

ዛሬ ከአውሮፕላን ማረፊያው መንገድ ወጥቼ አሸዋ ውስጥ ገባሁ።

የነዳኋት አሮጌ ፊያት መኪና የእኔና የባለሱቁ ጓደኛዬ የያሲን ናት። ከኮሌጅ ወጥቼ ሥራ እየጠበቅኩ ነው፤ ልቤ ያለው ግን የእሑዱ የመኪና ውድድር ላይ ነው።

ጥርሱ ሳሳ ያለ የውድድር ጎማ ለመምረጥ ርካሹንም ውዱንም ተውሰን ሞከርን። እሱ «ርካሹ ይበቃል» አለ። እኔ «በአሰብ ሙቀት መንገድ አይይዝም» አልኩ። በሙከራው ከመንገድ የወጣ እሑድ እንዳይነዳ ተስማማን።

እኔ ብልጡ፣ ላሳምነው ቸኩዬ ርካሹን ራሴ ነዳሁት! መጀመሪያ ቆንጆ ነበር። ሲግል ግን ኩርባው ላይ እንደ ሳሙና አዳለጠኝ። ያሲን በውዱ ንቅንቅ ሳይል ጨረሰ።

«ወላሂ እውነትህን ነው፣ ውዱን እንገዛለን» አለኝ፣ አሸዋውን ከትከሻዬ እያራገፈ። «እሑድ የምነዳው ግን እኔ ነኝ።»

ደክሞኛል። እናንተስ፣ ክርክሩን አሸንፋችሁ መሪውን ያስረከባችሁበት ቀን አለ?