ለመስኮቱ የተነገረው

አውቶቡስ ላይ ጠዋት ጠዋት አጠገቤ የምትቀመጥ ሴት አለች። ሰማያዊ ጋዋኗ ላይ ሹራብ ደርባ ትመጣለች፤ የጋዋኑ ኪስ ላይ የካርቶን ፋብሪካው ምልክት ተሰፍቷል። ዛሬ አውራ ጣቷ በፋሻ ተጠቅልሏል።

እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ለአለቃዋ የምትናገረውን ተለማመደች። «ጋሼ፣ የመቁረጫ ማሽኑ መከለያ ከወለቀ ሰነበተ። ትናንት የኔን ጣት ቆረጠ፤ ነገ የማንን እጅ እንደሚወስድ አይታወቅም። ካልተሠራ አንነካውም!» መስኮቱ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እኔም በሆዴ «እሰይ፣ የኔ አንበሳ!» አልኩ።

ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«አቤት ጋሼ! ኧረ ሰላም ነው፣ ምንም ችግር የለም። ጣቴን? እሱማ የቤት በር ነው።»

ኤጭ! የምን በር! ስልኩን ነጥቄ ልናገርላት ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ዘጋችውና ፋሻውን እጅጌዋ ውስጥ ሸሸገችው። ምን ብታስብ ነው? ስንት አፍ ይሆን ቤቷ የሚጠብቃት?

ፋብሪካው በር ላይ ወረደች። ያንኑ ጋዋን የለበሰች ባልደረባዋ ቆማ ትጠብቃት ነበር፤ በመስኮቱ ሰማኋቸው።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት እኮ። ምንም ችግር የለም፣ ይሠራል አለኝ።»

«ተባረኪ እህቴ! አንቺ ባትኖሪ ማን ይናገርልን ነበር?» ብላ አቀፈቻት። ተያይዘው ወደ ማሽኑ ገቡ።