ባዕድ ነው ብለው የማሉልኝ ቀን

የልጅ ልጄ ሐያት ዓረብ አገር ነው የምትኖረው። ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ችግሯን ነገረችኝ። የገባችው በቤት ሠራተኛነት ነው፤ አሁን ልብስ ስፌት ቤት ሥራ አግኝታ የመኖሪያ ፈቃዷን ዓይነት ለማስቀየር ከቢሮ ቢሮ ትንከራተታለች። "አባባ፣ አንተ አገርህ ላይ ተወልደህ አገርህ ላይ ያረጀህ ሰው፣ ይሄ እንዴት ይገባሃል?" አለችኝ። ልጆች ሽማግሌ ሁሉ ሽማግሌ ሆኖ የተወለደ ይመስላቸዋል።

ዳንግላ መወለዴ እውነት ነው። በወረቀት ግን የመናዊ ነበርኩ። አባቴ ከየመን የመጣ ነጋዴ ሲሆን፣ ገበያው አጠገብ ጨው፣ ስኳርና አቡጀዲ ይሸጥ ነበር። እናቴ የጥርባ ገበሬ ልጅ፣ አገው ናት። ስታገባው ሃይማኖቷን በመለወጧ ዘመዶቿ አኩርፈዋት ከርመው ነበር፤ እኔ ስወለድ ግን ታላቅ ወንድሟ አያ ቸኮል አንድ እንስራ ማር አስይዘው መጡና ኩርፊያው በዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ክረምቱን የማሳልፈው እሳቸው ቤት ነበር። ዶሮ የሚታረድ ቀን አክስቴ አንዱን ለይታ "እንካ፣ ያንተን እንደ ሃይማኖትህ እረድ" ብላ ቢላዋውን ትሰጠኛለች፤ የኔ ወጥ በሌላ ድስት ይሠራል፣ እንጀራውን አንድ ቤት ተቀምጠን እንበላለን። አገውኛን የለመድኩት ከአማርኛ በፊት ነው። ዓረብኛዬ ግን ከሰላምታና ከስድብ አያልፍም ነበር።

በንጉሡ ዘመን የውጭ አገር ሰው ያለ መኖሪያ ፈቃድ አይቀመጥም። አባቴ በነጋዴነት የተሰጠው ፈቃድ ነበረው፤ እኔም በእሱ ላይ በልጅነት ተመዝግቤ እኖራለሁ። ታዲያ ዘመዶቼን ጠይቄ ልምጣ ብሎ ወደ የመን እንደሄደ እዚያው ሞተ። እርሙን አውጥተን ሳንጨርስ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ሹም አስጠራኝ። ቀጭን፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው ነበር።

"አባትህ ከሞተ በእሱ ፈቃድ መኖርህ ያበቃል" አለኝ። "ወይ በራስህ ስም የሠራተኛ ፈቃድ ታወጣለህ፣ ወይ ጳጉሜን ሳያልቅ ወደ አገርህ ትሄዳለህ።"

"አገሬ እዚህ ነው።"

"ዜግነት የሚጠየቀው አዲስ አበባ ነው፤ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ በምን ልትቀመጥ ነው?"

ባሕሩን ተሻግሬ የማላውቀው ሰው ደጅ ላይ ስቆም ታየኝ፤ እናቴ ያንን ባዶ ሱቅ ብቻዋን ስትዘጋና ስትከፍትም ታየኝ። እቤት ገብቼ ስነግራት አላለቀሰችም። "እኔን ሳትቀብር የትም አትሄዳትም" አለች። እኔም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቆረጥሁ። የሚሄድ ይሂድ፣ እኔ አልሄድም።

ሥራውን ማግኘት አልከበደኝም። የወፍጮው ባለቤት ግሪካዊ ነበሩ፤ ሞተራቸው ብርድ በመታው ቁጥር የማስነሳላቸው እኔ ስለነበርሁ ሊቀጥሩኝ እሺ አሉ። የቀረኝ ምስክር ብቻ ነው። የተከበረ የአገር ሽማግሌ ቀርቦ፣ መጽሐፍ መትቶ፣ "ይህ የውጭ አገር ሰው ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ቢያጠፋ እኔ ዋስ ነኝ" ብሎ መማል አለበት። ለዚህ ከአያ ቸኮል ሌላ ማንን ልጥራ?

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ በገበያ ቀን መጡ። ብቻቸውን አይደለም፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ ፈረሶቹን እንደ ክብረ በዓል ሸልመው ነው የመጡት። ጭቃው እስከ ፈረሶቹ ሆድ ተረጭቷል። ጽሕፈት ቤቱ ገብተው ሹሙ "ይህን ሰው እንዴት ያውቁታል?" ሲላቸው አያ ቸኮል ጉሮሯቸውን ጠርገው የእናቴን አባት፣ ያባቷን አባት፣ እያሉ ሽቅብ መቁጠር ጀመሩ። ሲረሱ አንዱ ሽማግሌ ያስታውሳቸዋል። መሬቱን ያቀኑት አባት ላይ ሲደርሱ ሦስቱም በኩራት ተያዩ።

"ይህ ልጅ አጥንታችን ነው" አሉ አያ ቸኮል። "ባዕድ ነው ያለ ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር።"

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "የእናንተ ከሆነ የውጭ አገር ሰው ፈቃድ ለምን ይጠይቃል? ይህን ጽፌ ብልከው ማመልከቻው ውድቅ ነው። ባዕድ ነው ብሎ የሚምል ካለ አምጣ፤ ከሌለም ጊዜህ እያለቀ ነው።"

ሽማግሌዎቹ 'የእናንተ ከሆነ' ያለውን ብቻ ይዘው፣ ጉዳዩን የፈጸሙልኝ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ወጡ። እኔ በንዴት ጥርሴን እያፋጨሁ ፈረሶቹን ፈታሁላቸው። ግን በማን ልቆጣ? ከፍቅር የመጣ ስህተት ላይ መቆጣት እንዴት ከባድ ነው።

በማግስቱ በጭነት መኪና ኮሶበር ሄድሁ፤ ዛሬ እንጅባራ የምንላት ናት። ከዚያ በቀርቀሃው መካከል በእግሬ ጥርባ ገባሁ። ሰማዩ ያጉረመርማል እንጂ ዝናብ አይጥልም ነበር። አያ ቸኮል ድንች እየቆፈሩ አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ዶማቸውን ተክለው ቆሙ።

"የእህቴን ልጅ ባዕድ ነው ብዬ ልማል? መጽሐፍ መትቼ? እንዲህ ያለ ሐሰት ከአፌ አይወጣም፣ ሳልህ።"

"በመንግሥት ወረቀት እውነት ነው፣ አያ።"

"መንግሥት ስትወለድ አልነበረም። እኔ ነበርሁ።"

ሁለተኛ ዶማ ፈልጌ አጠገባቸው መቆፈር ያዝሁ። ቀትር ላይ አክስቴ በረመጥ የተጠበሰ ድንች በአዋዜ አመጣችልን፤ ቆዳው ጥቁር፣ ውስጡ እንደ ዱቄት የሚፈርስ። እየበላን እንደገና ጠየቅኋቸው፤ አንድ ድንች ልጠው ሰጡኝ። ማሳው ሊያልቅ ሲል ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቅኋቸው። እምቢ ካሉ ነገም እንደምቆፍር፣ ከነገ ወዲያም እንደምቆፍር ነገርኳቸው።

"አያ፣ ልጃችን ነው ካሉኝ እሄዳለሁ። ባዕድ ነው ካሉኝ እቀራለሁ። እናቴ ብቻዋን እንዳትሆን ከፈለጉ የቱን እንደሚሉ እርስዎ ያውቃሉ።"

ጭቃ እጃቸውን በሣር ጠረጉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። "ፈረሱን ነገ ጫንልኝ" አሉ።

በዚህኛው ጉዞ ሽማግሌ አላስከተሉም፤ ፈረሱም አልተሸለመም። ሹሙ ሲጠይቃቸው መጽሐፉን መትተው፣ እኔን ሳያዩ፣ "ባዕድ ነው። ጠባዩ መልካም ነው። ዋስ ነኝ" አሉ። ሹሙ ጻፈ፤ እሳቸው በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ጣታቸውን ሳይጠርጉ ወደኔ ዞሩና በአገውኛ "ተነሥ ልጄ፣ እናትህ ጋ እንሂድ" አሉኝ። ሹሙ አገውኛ ይስማ አይስማ አላውቅም። ብቻ ቀና አላለም።

ፈቃዱ በአዲስ ዓመት መጣልኝ። የመስቀል ሰሞን ምስጋናዬን ይዤ ጥርባ ሄድሁ። ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል፤ አክስቴ እርጎ ቀዳችልን። አያ ቸኮል የእሳቸውን ዋንጫ ወደኔ ገፉት። ቀኑ የጾም ቀን አልነበረም። ወደ በረት ሲወጡ አክስቴን ምን ሆነው ነው ብዬ ጠየቅኋት።

"ቀኖና ላይ ናቸው" አለችኝ። "በመሐላው ምክንያት። የንስሐ አባታቸው 'የመንግሥቱ ሕግ እንዲያ ካለ ኃጢአት የለብህም' ቢሏቸው፣ 'እኔ የማልሁት ሐሰት ነው፤ ቀኖናዬን ይስጡኝ' ብለው ግድ አሏቸው። ሌሊት ሌሊት ይሰግዳሉ፤ እስከ ገና ጥሉላት አይቀምሱም።"

እርጎውን መጨረስ አልቻልሁም። አባቴ ሲሞት ያላለቀስሁትን ያህል እዚያ አለቀስሁ።

ከዓመታት በኋላ ዜግነቱም መጣ። ዛሬም መልኬንና ስሜን አይቶ "አባባ፣ አገርዎ የት ነው?" የሚለኝ ጎረምሳ አልጠፋም። ድሮ እቆጣ ነበር፤ አሁን አልቆጣም። ሰው አገሩን በወረቀት ያስረዳል፤ እኔም ደክሜ ያገኘሁትን ወረቀት አልንቅም። ግን አንድ ገበሬ እኔን ባዕድ ብሎ በመማሉ፣ ቄሱ ኃጢአት የለብህም እያሉት፣ መስገዱን አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ አገር አለኝ ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።