የእትዬ ቡርጋ ባል

የራበንበርግን ኮረብታ ለገዳም የመረጠው ወንድሙን የገደለ መስፍን ነው ይባላል። እግዜር ንስሐውን ሳያይለት እንዳይቀር ፈርቶ መሆን አለበት ከፍ ያለ ቦታ የፈለገው። ኋላ ስዊድኖች መጥተው አቃጠሉት። መነኮሳቱ ሲመለሱ መጀመሪያ የቢራ መጥመቂያውን ሠሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ቀጥለው። እኛ መንደርተኞቹ ቅር አላለንም።

የመስፍኖቹን ታሪክ ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ ክሳቨር መቃብር ቆፋሪ ነኝ፤ የማውቀው የገዳሙን ልብስ ሰፊ፣ እትዬ ቡርጋን ነው።

እትዬ ቡርጋ ባል አላገባችም። ሴቶቹ «ቆሞ ቀር» ሲሏት፣ «የባሎቻችሁን ሱሪ የምጠግነው እኔ ነኝ! ምን እንደቀረብኝ አሳምሬ አውቃለሁ» ትላቸው ነበር።

ልቧ ያለው ቅዱስ ፕሮስፐር ጋ ነበር። ከሮም የመጣ ሙሉ አጽም ነው፤ ሐር ለብሶ፣ የዓይኑ ጉድጓድ በቀይ የብርጭቆ ፈርጥ ተሞልቶ፣ መስታወት ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። በየዓመቱ ልብሱን አውልቃ ስትጠግንለት የሆዷን ሁሉ ታጫውተዋለች።

«አንድ ቀን እንኳ አቋርጦኝ አያውቅም» አለችኝ። «እስቲ እንዲህ ያለ ወንድ አሳየኝ!»

እውነቱን ልናገር፣ ትወደው ነበር።

አንድ ክረምት ከመንግሥቱ ከተማ ከሙኒክ ትእዛዝ መጣ፤ ገዳሙ ይዘጋ፣ መነኮሳቱ ይበተኑ፣ ንብረቱ ይሸጥ። የማይሸጥ አጥንት ሁሉ ገደል ይጣላል ተባለ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ ቡርጋ በሬን ደበደበችው።

«ተነስ አንተ! ጋሪህን አምጣ!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ማለቴ... ከሞተ ቆይቷል።»

ቅዱሱን ከቆሻሻ ልብስ ክምር ሥር ደብቀን ቁልቁል አወረድነው። አልጋዋ ላይ አስተኛችው፤ የአባቷን የሌሊት ቆብ ቀይ ዓይኖቹን እስኪሸፍን፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው... ይቅርታ፣ አፍንጫ እንኳ የለውም።

የመንግሥቱ ሹም ሐሩን ሊሸጥ መጥቶ ሣጥኑን ባዶ ሲያገኘው ሁለት ወታደር አስከትሎ ቤት ለቤት ይፈትሽ ጀመር። ቡርጋ ቤት ሲገባ ግማሹ መንደር በሩ ላይ ተኮለኮለ።

«ይሄ ማነው?»

«ባሌ ነው ጌታዬ። ታሞብኛል።»

«ምነው እንዲህ ከሳ?»

«አዲሱ ግብር ከመጣ ወዲህ ምን በልቶ ይወፍር?»

ወታደሮቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ሹሙ ወደ እኛ ዞረ። «ይቺ ሴት ባል አላት?»

ዕድሜ ልኳን ቆሞ ቀር ሲላት የኖረው አፍ ሁሉ ተለጎመ። ቡርጋን አየኋት።

«ሚዜው እኔ ነበርኩ!» አልኩ።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሚስት ተቀበለችኝ፤ «እኔማ ሠርጋቸው ላይ ከመጠን በላይ በልቼ ሦስት ቀን ተኝቻለሁ!»

ሹሙ ብርድ ልብሱን ሊገልጥ እጁን ሰደደ።

«ይጠንቀቁ ጌታዬ» አለች ቡርጋ፤ «ተላላፊ ነው።»

እጁን ሰብስቦ ውልቅ አለ።

ከዚያ ወዲህ ቆሞ ቀር ያላት የለም። መንገድ ላይ ስናገኛት «ባለቤትሽ እንዴት አደሩ?» እንላታለን። «ደህና ናቸው፤ እንደናንተዎቹ አይጠጡም!» ትለናለች።

ሠላሳ ዓመት አለፈና አዲስ ንጉሥ ገዳሙ ይከፈት አለ። ጉንጩ የቀላ ወጣት አበ ምኔት መጥቶ በሯን አንኳኳ።

«እማማ፣ ቅዱሳችንን ይመልሱልን።»

«ባሌን?»

«ኧረ እማማ፣ ባልዎ አይደለም!»

«መንደሩ ምስክሬ ነው። ደግሞስ አባ፣ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው የምትሉት እናንተ አይደላችሁም?»

አበ ምኔቱ ተቅለሰለሰ። ምናለ፣ አሮጊት ናት፤ ስትሞት እንወስደዋለን ብሎ ወደ ኮረብታው ተመለሰ።

ዘንድሮ በብርዱ ወር ሞተች። አበ ምኔቱ ሣጥን አስይዞ መጣ። ብርድ ልብሱን ስንገልጥ፣ የሌሊት ልብሷን እጅጌ ከቅዱሱ የሐር እጅጌ ጋር ከትከሻ እስከ አንጓ ሰፍታዋለች። ያ ያረጀ ዓይኗ እንዴት እንዳየላት እንጃ፣ ስፌቱ መርፌ እንኳ አያስገባም። አበ ምኔቱ መቀስ አወጣ። ጨርቁ ላይ አስጠግቶት ብዙ ቆየ። ከዚያ መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ክሳቨር፣ ጉድጓዱን አስፋው» አለኝ።

«ቀድሞም የሁለት ሰው ነው የቆፈርኩት አባ» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ። «ሚዜያቸው አይደለሁ እንዴ?»