የእድሩ ጥሩምባና የመጀመሪያ መጽሐፌ

ባለፈው ሳምንት አዲሱን መጽሐፌን ካሳተመው ድርጅት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። ድምጿ ትሁት ነው፤ የጠየቀችኝ ግን ቀላል አልነበረም። ስለ መጽሐፉ የምናገርበት የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ በስልኬ ቀርጬ እንድልክላት፣ አንባቢውን እንድጋብዝ፣ ከተቻለም ፈገግ እንድል ነበር የፈለገችው። እሺ አልኳት። ይኸው አራት ቀን ሙሉ እሺ እንዳልኩ አለሁ። ኮቴን ለብሼ፣ ስልኩን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እቀመጣለሁ፤ "ውድ አንባብያን" እላለሁ፤ ከዚያ ምላሴ ይተሳሰራል። ስድስት መጽሐፍ የጻፈ ሽማግሌ አንድ ደቂቃ መናገር ሲያቅተው ለተመልካች ያስቅ ይሆናል። እኔን ግን ከእንቅልፍም ከምግብም ነጥሎኝ ሰነበተ። መጽሐፍ መጻፍ ያደክማል፤ የሚያስጨንቀው ግን ጽፎ ሲጨርሱ "ጽፌያለሁ፤ ኑና እዩልኝ" ማለቱ ነው።

ዛሬ ጠዋት እንደገና ልሞክር ስልኩን ሳስደግፍ ከታችኛው መንገድ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። አሁን አሁን የሞት ወሬ የሚደርሰን በስልክ መልእክት ነው፤ ለፋፊ ያላቸው እድሮች ጉለሌ ውስጥ ጥቂት ናቸው የቀሩት። ድምፁን ስሰማ መቅረጹን ትቼ ተቀመጥኩ። ያ ድምፅ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለሁ የሠራሁትን አንድ ጥፋት ሁልጊዜ ያስታውሰኛል።

ያኔ ከእናቴ ጋር ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው አስፋልት ገባ ብላ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር የምንኖረው። ታላቅ ወንድሜ ግርማ ታሞ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። እኔ ቀን ዊንጌት አጠገብ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ውስጥ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ስለ ሰፈራችን ሰዎች አጫጭር ታሪኮች እጽፋለሁ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ደብተር ላይ አቀርቅሬ ስታየኝ ለፈተና የማጠና ይመስላታል፤ እኔም አላረምኳትም። ሲታተም እነግራታለሁ እያልኩ ታተመ። ለምረቃው አዳራሽ ስይዝ እነግራታለሁ እያልኩ አዳራሹም ተያዘ።

አዳራሹ የቀበሌያችን ነበር፤ ሦስት መቶ ሰው ይይዛል። እኔ የጋበዝኩት ሰባት ሰው ነው፤ ከሰባቱም ሁለቱ እንደማይመጡ አውቃለሁ። ሌላውን ሰው እንዴት ልጥራ? ሰው ስለ ሰው ሲመሰክር ያምራል፤ ስለ ራሱ ሲናገር ግን እንኳን ለሰሚው ለተናጋሪውም ይቀፋል ተብዬ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ መጽሐፉን ሽፋኑ እንዲታይ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት፤ አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ብዬ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ እውነትም ጠየቁኝ። "የማን ድርሰት ነው?" አሉ። "የጓደኛዬ ነው" አልኳቸው። ከታክሲው ወርጄ የመንገዱን ግንብ ይዤ ለራሴ አዘንኩ። የምረቃው ቀን በቀረበ ቁጥር ሦስት መቶ ባዶ ወንበር በሕልሜ ይታየኝ ጀመር።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳለሁ ነው ጋሽ ወልዴን ያሰብኳቸው። ጋሽ ወልዴ የእድራችን ለፋፊ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ ጥሩምባቸውን ይዘው ሰፈሩን ያዳርሳሉ። ሰው አክባሪ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር ግን ልጆች ሲያዩዋቸው ይሸሻሉ፤ አዋቂውም ደጁ ላይ ቆመው ካያቸው ይደነግጣል። እሳቸውን የማይሰማ ቤት እንደሌለ አውቃለሁ። ጎናቸው ተቀምጬ፣ ገብስ ቆሎ አብረን እየቆረጠምን፣ የምረቃዬን ነገር እንዲለፍፉልኝ ጠየቅኳቸው። "ሃያ ዓመት ሙሉ ክፉ ክፉውን ስለፍፍ ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ደግ ነገር ልለፍፍ" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ የሚሉትን አስጠናኋቸው። የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚነፉ ግን አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ጥሩምባ ሌላ ሰዓት ተነፍቶ ስለማያውቅ አልጠየቁኝም።

ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ማለዳ፣ ጥሩምባው ከቤታችን በላይ ተነፋ። እናቴ የወሩ ማርያም ስለነበረች ሌሊቱን ተነሥታ እንጦጦ ማርያም ሄዳለች። እኔ ገና አልጋ ውስጥ ነኝ። ጋሽ ወልዴ በዚያ በለመዱት በተጎተተ ድምፅ፣ "እድርተኞች ስሙ፤ የወይዘሮ አስካለ ልጅ መስፍን..." ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ሰዓቱ ያስጠናኋቸውን አንድም ሳያጎድሉ ተናግረዋል። የሰማቸው ግን አልነበረም። ጥሩምባ የሰማ ሰው ጆሮው የሚፈልገው ስም ነው። ስሙን ካገኘ የሚቀረው የቀብር ሰዓት ነው፤ እሱን ደግሞ ለቅሶ ቤት ሲደርስ ይጠይቃል። አስካለ አንደኛው ልጇ ሞቶባታል፤ ሁለተኛውም ሞተባት ብሎ ለማመን ማንም ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም።

ጋቢዬን ደርቤ ስወጣ መጀመሪያ ያገኘኋቸው ጎረቤታችንን እትዬ ዘነበችን ነው። ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሜን እየጠሩ ገቡ፤ አዩኝ፤ አማተቡና ግድግዳውን ተደገፉ። ከኋላቸው ሌሎች መጡ። አንዱን "አለሁ" ብዬ ሳላስረዳ ሌላው እያለቀሰ ይገባል። የእድሩ ወጣቶች ደግሞ እንደዚያ ቀን ፈጥነው አያውቁም፤ ድንኳኑን ዘርግተው፣ አግዳሚውን ደርድረው ነበር። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዲት ሴት ደግሞ በሕይወት መኖሬን እያየችም ማልቀሷን ማቆም አልቻለችም። እኔ እፍረቱን እንዴት እንደምችለው እንጂ ሌላ ነገር አላሰብኩም ነበር። እናቴ በመንገድ ላይ መሆኗ ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

መርዶ በአገራችን እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። አይነገርም። ዘመድ የሞተበትን ሰው በሁለት ጎኑ ደግፈው፣ ምክንያት ፈጥረው፣ ቀስ አድርገው ነው ቤቱ የሚያደርሱት። እውነቱን ያልሰሙ ሁለት ሴቶች እናቴን ከእንጦጦ ቁልቁል ስትወርድ አገኟት። ምንም አላሏት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነበር፤ ግራና ቀኝ ክንዷን ያዙላት። ለግርማም ጊዜ እንደዚያው ነበር የያዟት። ያን ሁሉ መንገድ፣ በባሕር ዛፉ መሀል፣ የቀራት ልጅ አንድ መሆኑን እያወቀች ወረደች።

በሩ ላይ ደርሳ ድንኳኑን አየች። ከዚያ እኔን አየች። መጥታ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ በረዶ ሆኗል። ለረጅም ጊዜ ሳትለቀኝ ቆየች።

"ጥሩምባውን ማን አስነፋው?" አለች።

"እኔ" አልኳት።

እጇን ከፊቴ ላይ አነሣች፤ ወደ ቤት ገባች፤ በሩን ዘጋች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔም አዳራሽ የሚሞላ ሰው ስፈልግ እናቴን ያጣሁ መሰለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግቤን ታቀርብልኛለች፤ ቃል ግን አትተነፍስልኝም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። ዳኛው ጋሽ ከድር ነበሩ፤ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የሚነግዱ፣ ረጋ ያሉ የወሎ ሰው። አንዳንዶቹ እኔና እናቴ ከእድሩ እንድንባረር ጠየቁ፤ አንዳንዶቹ ጋሽ ወልዴ ጥሩምባውን ይመልሱ አሉ። ጋሽ ወልዴ ጥግ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ጋሽ ከድር ሁሉንም ከሰሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

"ጥሩምባ የሚነፋው ለሞተ ሰው ነው" አሉኝ። "የሞተ ሰው አፍ ስለሌለው እኛ አፍ እንሆነዋለን። አንተ ግን በሕይወት አለህ፤ አፍም አለህ። እድሩ ውስጥ ያለው ሰማንያ አራት ቤት ነው። በየቤቱ ሂድ፤ ላስደነገጥከው ይቅርታ ጠይቅ፤ ልታስለፍፍ የፈለግኸውን ደግሞ ራስህ ተናገር።"

ቅጣቱ ይኼው ነበር። ከሥራ ስወጣ፣ ማታ ሳይመሽ፣ ያንን ሰፈር በር ለበር ዞርኩት። እትዬ ዘነበች ይቅርታዬን ከሰሙ በኋላ፣ "መጀመሪያ እንባዬን መልስልኝ" አሉኝ፤ ቀልዳቸውን አልነበረም። ቆይተው ግን ትኩስ ድፎ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። ጋሽ ከድር ቤት ባለቤታቸው ቅርንፉድ ያለበት ሻይና ሳምቡሳ አቀረቡልኝ፤ ስለ መጽሐፉ ስናገር ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። በመጀመሪያዎቹ ቤቶች ንግግሬ ረጅም ነበር፤ ሥነ ጽሑፍ ለኅብረተሰብ ስላለው ጥቅም ሁሉ አወራለሁ። ሰው በትሕትና ያዳምጠኛል፤ ከዚያ "ጎበዝ፣ በርታ" ብሎ ይሸኘኛል። አንድ ሸማኔ ግን፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተተ፣ መወርወሪያውን ሳያቆም፣ ለመሆኑ መጽሐፉ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ስለ ሥነ ጽሑፍ ጥቅም ልጀምርለት አልኩ። እሱ እንደሆነ ገዢ ሲመጣበት ስለ ጥበቡ እንደማያወራ፣ ጫፉን አስይዞት ዝም እንደሚል ነገረኝ። መጽሐፉን ከኪሴ አውጥቼ ግማሽ ገጽ አነበብኩለት። መወርወሪያውን አቆመ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለኝ አልልም። ንግግሬ ግን እያጠረ ሄደ። "አስደንግጫችኋለሁ፤ ይቅርታ። መጽሐፍ ጽፌያለሁ፤ እሁድ ብትመጡልኝ ደስ ይለኛል።" ይኼው ነው። ከዚያ ጥቂት መስመር ማንበብ።

ሐሙስ ማታ ሄጄ መጨረሴን ለእድሩ ጸሐፊ ነገርኩት። መዝገቡን ገልጦ በጣቱ እየተከተለ አየና አንድ ቤት እንደቀረኝ ነገረኝ። የትኛው እንደሆነ ስጠይቀው መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። ወይዘሮ አስካለ ይላል።

"የእኔ ቤት ነውኮ" አልኩት።

"እድርተኛ ናቸው" አለኝ።

ተመልሼ የገዛ ቤቴን በር ቆሜ አንኳኳሁ። እናቴ ከፍታ ሰፌዷ ወዳለበት ተመለሰችና ምስር መልቀሟን ቀጠለች። በሰማንያ ሦስት ቤት ያልኩት ያ አጭር ንግግር ከአፌ አልወጣ አለ።

"እማዬ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "መጽሐፍ ጽፌያለሁ።"

"እሱንስ ሰማሁ" አለች፤ ከዘጠኝ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። "ከእድሩ ሰማሁ። ከእትዬ ዘነበች ሰማሁ። ከባለ ሱቁም ሰማሁ። አንተ መቼ ልትነግረኝ ነበር?"

እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ አልደፈርኩም። ማንበብ ስለማትችል መጽሐፉ የማይመለከታት መስሎኝ ነበር። በሰው ፊት ራሴን ማስተዋወቅ አፈርኩ እያልኩ ስጨነቅ፣ አንድም ሰው ባይመጣ እንኳ የማትቀረውን እናቴን ከግብዣው አውጥቻታለሁ። ሳልነግራትም ገባት መሰለኝ፤ አላስጨነቀችኝም።

"ግርማ አለበት?" አለችኝ።

"አለበት።"

"እስቲ አንብብልኝ።"

ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩላት። ምስሩን መልቀም ተወች።

እሁድ አዳራሹ አልሞላም፤ ሰባት ሰውም ግን አልነበረም። ሞቶ የተነሣውን ልጅ ለማየት የመጣው ብዙ ነበር። ጋሽ ወልዴ ኮት ለብሰው፣ በር ላይ ቆመው፣ እንግዳ ያስገባሉ። እናቴ ከእትዬ ዘነበች ጎን ተቀምጣለች። ስለ ግርማ የጻፍኩትን ሳነብ ቀና ብዬ አየኋት፤ ከንፈሯ ከእኔ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። በሦስት ቀን ውስጥ ደጋግማ አስነብባኝ በቃሏ ይዛዋለች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ ወጣልኝ፤ ብዙ አዳራሽም ቆሜ ተናገርኩ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ አሁን እንደሚለቀኝም ተስፋ አላደርግም። ወጣት ደራስያን ፍርሃቱ እንዴት እንደሚቻል ሲጠይቁኝ ስለ እድሩ ቅጣት እነግራቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ስለ መጨረሻው በር ግን ነግሬያቸው አላውቅም። እንግዳ ሰው ፊት መቆም የሚያስፈራን፣ ቅርባችን ላለው ሰው ሳንነግር ስለምንወጣ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እናቴ ብትኖር ይህን ትፈርድልኝ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለሁ ልጄ ሐና ትዝ አለችኝ። ካገባች ወዲህ የምትኖረው ዊንጌት ነው፤ በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ቪዲዮውን ትቼ ደወልኩላት፤ አዲስ መጽሐፍ ማውጣቴን ነገርኳት።

"ስልክ ላይ ካየሁት ሦስት ሳምንቴ ነው አባዬ" አለችኝ። "መቼ ይነግረኝ ይሆን እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።"

ኮቴን እንደለበስኩ ነበር፤ መጽሐፉን ይዤ ወጣሁ።